የራያ ደረሳና የጥንቱ ግጥም

ከወልድያ ተነስቶ ወደ አላማጣ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ ቆቦን ያውቃታል። ሙቀቷን፣ ዙሪያዋን የከበበውን የማሽላ ማሳ፣ በስተምሥራቅ የተጋረደውን የዞብልን ተራራ ያስታውሳል። ስለ ራያ ሲነሳ ደግሞ በብዙ ሰው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ድርቁና ረኀቡ፣ ከብቱና ጀግንነቱ ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ዓ.ም. እልቂት ይህን አካባቢ ለዓለም ያስተዋወቀው በከሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ እውነት ነው። ራያ የግጥም አንባቢዎች አገርም ነበረ።

የግጥም አንባቢ ስል የሠርጉን ጭፈራ ወይም የእረኛውን እንጉርጉሮ የሚያደምጠውን ማለቴ አይደለም። በዚያም ቢሆን ራያ ከማንም አያንስም። እኔ የምለው ኪታብ ተገልጦ፣ ቃል በቃል ተመዝኖ፣ ሰዋስው ተጠይቆ የሚነበበውን ግጥም ነው። የማሽላ ቂጣ እየበላ ያደገ ልጅ፣ ከዐረብ አገር ረግጦ የማያውቅ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን የዐረብ ቅኝት በቃሉ ይዞ የእያንዳንዱን ቃል አገባብ ሲያስረዳ መስማት በዚህ አገር ብርቅ አልነበረም።

አንዳንድ ወጣቶች ይጠይቁኛል። «ኡስታዝ፣ ለዲን ተማሪ ግጥም ምን ይረባዋል? ቁርኣን ገጣሚዎችን ነቅፎ የለምን?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በርግጥም በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ መጨረሻ ላይ ከ224ኛው አንቀጽ ጀምሮ ገጣሚዎች ተወቅሰዋል። ነገር ግን ጠያቂዎቹ 227ኛው ላይ ሳይደርሱ ኪታቡን ይከድኑታል። እዚያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ከወቀሳው ለይቷቸዋል። ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ ሚንበር ይቀመጥለት እንደነበር በሐዲስ ኪታቦች ተዘግቧል። ሚንበሩ የተቀመጠለት ለኹጥባ ሳይሆን ለግጥም ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ የከዕብ ኢብኑ ዙሀይር ጉዳይ ነው። አባቱ ዙሀይር ከዘመነ ጃሂሊያ ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ ነው። ልጁ ከዕብ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) በግጥም ነክቶ ስለነበር ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይፈለግ ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ መካ ከተከፈተች በኋላ መዲና ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና ግጥሙን አሰማ። ያ ግጥም «ባነት ሱዓድ» በሚለው ስም ይታወቃል። ታዲያ በምን ጀመረ? ይቅርታውን በመጠየቅ አልጀመረም። ሱዓድ ከምትባል ሴት በመለየቱ የደረሰበትን ሐዘን አወራ፤ ከዚያ ሴቲቱ ወደ ሄደችበት ሩቅ አገር ልታደርሰው የምትችለውን ግመል መልክና ብርታት በብዙ ስንኞች ዘረዘረ፤ ጉዳዩ ላይ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ካባቸውንም አለበሱት ይባላል። የዐረብ ግጥም ወጉ እንዲህ ነው፤ ዋናው ነገር ላይ በቀጥታ አይዘልም። ይህን ወግ የማያውቅ ሰው «በመስጊድ ውስጥ የሴት ስም እንዴት ይነሳል?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። የሚያውቅ ግን ሱዓድ የግጥሙ ደጃፍ እንጂ እልፍኙ እንዳልሆነች ይረዳል።

የቋንቋውም ምክንያት አለ። ቁርኣን በዐረብኛ ነው የወረደው፤ የቃላቱን ጥልቅ ትርጉም ለማወቅ ደግሞ ቀደምት ዑለማዎች ይጠቀሙበት የነበረው ምስክር የዐረቦች ግጥም ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የቁርኣን ቃል ሲከብዳችሁ በግጥም ውስጥ ፈልጉት ብለው ይመክሩ እንደነበር ተላልፏል። የነሕው አባት የሚባለው ሲበወይሂ በኪታቡ ውስጥ ለሰዋስው ሕግ ማስረጃ ያደረጋቸው የግጥም ስንኞች ከ1000 በላይ ናቸው። ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው የሁዘይል ጎሣን ግጥም ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር የቋንቋው ሊቅ አስመዒይ ከእሳቸው ዘንድ እንዳነበበው ይነገራል። እንግዲህ ግጥም ለዲን ተማሪ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ራያ እንመለስ። በወሎ የኪታብ ትምህርት ቤት ደረሳው ቁርኣኑን ከጨረሰ በኋላ ፊቅህና ነሕው ይጀምራል። ከሚያነባቸው ኪታቦች ብዙዎቹ የተጻፉት በግጥም ነው። የበስራው ሐሪሪ (እ.ኤ.አ. በ1122 የሞተ) ሙልሐቱል ኢዕራብ ሰዋስውን በግጥም ያስተምራል። የኢብኑ ማሊክ (እ.ኤ.አ. በ1274 የሞተ) አልፊያ ነሕውንና ሶርፍን በ1000 ያህል ስንኞች ጠቅልሎ ይዟል፤ ስሙም «ሺው» እንደማለት ነው። የኢብኑ ረስላን ዙበድ ደግሞ የሻፊዒይን ፊቅህ፣ ውዱእን፣ ሶላትን፣ ዘካን ሁሉ በግጥም ያስኬዳል። እርግጥ ነው፣ አልፊያን እያነበበ ዕንባው የመጣበት ሰው አላየሁም። ቢያለቅስም ስለከበደው ነው! ነገር ግን የደረሳው ጆሮ የሚሠራው እዚያ ነው። አንድ ቃል ከጎደለ ምቱ ይሰበራል፤ ልጁ ሰዋስዉን ገና ሳይረዳ በፊት «እዚህ ጋ አንድ ነገር ቀርቷል» ብሎ ያውቃል። ኪታብ ውድ በነበረበትና አንዱን ኪታብ ለመገልበጥ ወራት በሚፈጅበት ዘመን፣ ግጥም ማለት ሌባ የማይሰርቀው፣ ዝናብ የማያበሰብሰው ቅጂ ነበር።

ጆሮው ከተገራ በኋላ ወደ እውነተኛው ግጥም ይገባል። በወሎ ከሁሉ በላይ የተወደደው የኢማም ቡሲሪ ቡርዳ ነው። ቡሲሪ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ ሰው ነው። ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ሳለ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያወድስ ግጥም አቀናበረ፤ በሕልሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካባቸውን አለበሱትና ሲነቃ ድኖ ተነሳ ይባላል። ግጥሙ 160 ያህል ስንኞች አሉት፤ ሁሉም «ሚም» በሚለው ፊደል ይዘጋሉ። እስቲ ልብ በሉ! 160 ጊዜ በአንድ ፊደል ቤት መምታት፣ ያውም ሳያሰለቹ፣ ያውም ቃሉን ያለቦታው ሳይጎትቱ። በአማርኛ ሃያ ስንኝ በአንድ ቤት ለመምታት የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል።

የአነባበቡ ሥርዐት እንዲህ ነው። ደረሳው አንዱን ስንኝ በዐረብኛ ያነባል። ሸኹ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሱለታል፤ እሱም ተከትሎ ይደግማል። ከዚያ ኢዕራብ ይጠየቃል፦ ይህ ቃል ለምን «ዱማ» ሆነ? ባለቤቱ የት አለ? ተሳቢው ለምን ቀደመ? ይህ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው ወደ መዕናው የሚገባው። ለዛሬ ተማሪ ይህ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ግጥም የማጣጣሚያ መንገድ አላየሁም። ገጣሚው አንድን ቃል ከተለመደው ቦታው አንስቶ ወደ ፊት ያመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን የምታገኘው ደግሞ በኢዕራብ ነው። ስሜቱ የሚመጣው ሰዋስዉ ከተፈታ በኋላ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «ግጥሙ ምን ስሜት ፈጠረብህ?» ብለን እንጠይቃለን። ልጁ ግጥሙ ምን እንዳለ ሳይገባው ስሜቱን እንዲነግረን መጠየቃችን ነው።

የግጥም ሊቃውንት ለሥራቸው ከሰጡት ስም ብዙው ከድንኳን የተወሰደ ነው። አንዱ ሙሉ ስንኝ «በይት» ይባላል፤ ቤት ማለት ነው። የስንኙ ግማሽ «ሚስራዕ» ይባላል፤ የበር አንዱ ክንፍ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ ባለሁለት ክንፍ በር ያለው ቤት ነው። የዐሩድን ዕውቀት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋመው ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ምቱን ሲከፋፍል አጭሩን ክፍል «ሰበብ» (ገመድ)፣ ረዘም ያለውን «ወተድ» (ካስማ) ብሎ ሰየመው። እሱ 15 ዓይነት ምት ቆጠረ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው አኽፈሽ አንድ ጨምሮ 16 አደረሳቸው ይባላል። ገመዱ ሲላላ ድንኳኑ ያዘነብላል፤ ካስማው ሲነቀል ይወድቃል።

የራያው ልጅ ከትልልቅ ከተሞች ተማሪ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ከዞብል ወዲያ የዐፋር ምድር ነው። ግመሉን ጭኖ፣ የሰሌን ጎጆውን ነቅሎ፣ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ የሚሄደውን አርብቶ አደር የራያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሰፈሩ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረውንም አይቷል፦ ሦስት የጠቆሩ ጉልቻዎች፣ የአመድ ክምር፣ የከብት በረት ዙሪያ የተከመረ የደረቀ እሾህ። የጥንት ዐረብ ግጥም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኢምሩኡል ቀይስም ሆነ ሌሎቹ የሙዐለቃት ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ወዳጆቻቸው ትተውት በሄዱት ሰፈር ፍርስራሽ ላይ ቆመው ነው። ቡሲሪም የዐረብ ወግ ይዞ ቡርዳን የጀመረው በሩቅ ያሉ ጎረቤቶችን አስታውሶ በማንባት ነው። የከተማ ተማሪ ይህን ለመረዳት ሐተታ ያስፈልገዋል። ለራያው ደረሳ ሐተታው ከቤቱ ጀርባ ነበረ። ስለ ግመል የሚነገረው ረጅም ገለጻም ቢሆን፣ ግመል በሥዕል ብቻ ለሚያውቅ ሰው ትርፍ ወሬ ነው፤ የራያ ሰው ግን «ይህ ሰው ግመል ያውቃል» ብሎ ይፈርድለታል።

ይህ ንባብ ከየት መጣ? ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ የማነሳው የመጨረሻዎቹን ሁለት ተኩል ምዕተ ዓመታት ነው። መንገዱ ቀይ ባሕር ነበር። ለሐጅና ለዒልም የሄዱ ሰዎች ከሒጃዝና ከየመን ኪታብ ይዘው ይመለሱ ነበር። የደዌው ሙፍቲ ዳውድ (እ.ኤ.አ. በ1819 የሞቱ) በየመን ዘቢድ ተምረው የተመለሱ ታላቅ ዓሊም ናቸው። የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሞቱ ከኋላቸው ትልቅ ማዕከል ትተዋል። በቃሉ ጌታን ያቀኑት ሐጂ ቡሽራ በ1863 እ.ኤ.አ. አልፈዋል። ከእነዚህ ቀጥሎ የራያ ተራ መጣ። በራያ ምድር አና በተባለው ስፍራ ሸኽ ጀማሉዲን ሙሐመድ ተነሱ። በሰው ዘንድ የታወቁት «ጀማሉል አንይ» በሚለው ስም ነው፤ የአናው ጀማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 እስካለፉ ድረስ አና የኪታብና የውዳሴ አገር ነበረች። በስተደቡብ፣ በየጁ፣ ሸኽ አሕመድ ኢብኑ አደም ዳናን የዒልም መዲና አደረጓት፤ እሳቸውም በ1903 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ «ዳንዩል አወል»፣ የመጀመሪያው የዳናው ሰው፣ የሚለው ስም ቀረላቸው። በአናና በዳና መካከል ያለውን አገር ስንቱ ደረሳ በባዶ እግሩ እንደተመላለሰበት አስቡት። አንዱ ሸኽ ዘንድ ፊቅህ፣ ሌላው ዘንድ ነሕው፣ ሦስተኛው ዘንድ በላጋ ይፈለግ ነበር። ምግቡ የመንደሩ ሰው የሚሰጠው ነው፤ መኝታው የመስጊዱ ጥግ ነው።

ዘመኑ ለንባብ የሚመች እንዳልነበር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ከጠሩ በኋላ የወሎ ሙስሊም ወይ እንዲጠመቅ ወይ አገሩን እንዲለቅ ተገደደ። ብዙ ዑለማ ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹም ተዋጉ። ጀማሉል አንይ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በዚህ ወቅት ነው። ከተዋጉት አንዱ ሸኽ ጠልሃ ኢብኑ ጃዕፈር (1853 ገደማ–1936 እ.ኤ.አ.) ናቸው። እኒህ ሰው የጦር መሪም፣ ገጣሚም ነበሩ። ግጥማቸውን የጻፉት ግን በዐረብኛ ብቻ አልነበረም። በአማርኛም ጻፉ፤ ፊደሉ ግን የዐረብ ነበር። ይህ ነው ዐጀሚ የሚባለው።

መንዙማ የሚለው ቃል የመጣው «ነዞመ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ ነው፤ ጨሌን በክር መሰካት ማለት ነው። ቡርዳን በነሕዉ ፈትቶ ያነበበ ሸኽ ያን ጥበብ ይዞ ወደ እረኛው፣ ወደ ገበሬው፣ በወዳጃ ላይ ወደ ተሰበሰቡት እናቶች ሲዞር፣ የሚሰካው ጨሌ አማርኛ ሆነ። በአንዱ መንዙማ ውስጥ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ አንዳንዴም ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አድማጩ ያልተማረ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እናቶቻችን ፊደል አይቆጥሩ ይሆናል፤ ምቱ የተሰበረበትን ቦታ ግን ለይተው ያውቁ ነበር፤ የሚደግሙትም ያማረውን ብቻ ነበር።

በሁለት ቋንቋ መካከል የሚደረገው ጨዋታ በተለይ ያስደስተኛል። ለምሳሌ «ኑር» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በዐረብኛ ብርሃን ነው። በአማርኛ ደግሞ «ኑር!» ብለን ዕድሜ እንመርቃለን። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ገጣሚ ይህን አንድ ቃል ካስቀመጠ፣ ዐረብኛ የሚያውቀው ደረሳ ብርሃኑን ያያል፣ የማያውቀው ገበሬ ምርቃቱን ይሰማል፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ደግሞ ፈገግ ይላል። በበላጋ ትምህርት ይህን የመሰለው ነገር «ተውሪያ» ይባላል፤ ቅርብ ትርጉም አሳይቶ ሩቁን መደበቅ ነው። ከቆቦ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ወጥቶ ዋድላ የደረሰ ሰው የቅኔ ተማሪዎች በግዕዝ ይህንኑ ሲያደርጉ ያገኛል፤ እነሱ «ሰምና ወርቅ» ይሉታል። ደጋው በግዕዝ፣ ቆላው በዐረብኛ፣ ሁለቱም ከመንደር መንደር ለምኖ በሚማር ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያንኑ ጥበብ ያሳድጉ ነበር። ይህን ጎረቤትነት ከሁለቱም ወገን በቅጡ ያጠናው ሰው ቢኖር ማንበብ በወደድኩ።

ዐጀሚን ማንበብ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ሰባት አናባቢ ድምፆች አሉት፤ የዐረብኛ ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ «ፈትሐ»፣ «ከስራ»፣ «ዱማ»። ስለዚህ «ኡ» እና «ኦ» በአንድ ምልክት ይጻፋሉ። «ሀ» ከዚያ «ዋው» ከዚያ «ዳል» ተጽፎ ብታገኙ ምን ብላችሁ ታነባላችሁ? «ሁድ» ከሆነ የነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ.) ስም ነው። «ሆድ» ከሆነ ደግሞ ያው የሚራበው ሆዳችን ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩና ምቱ ነው። ጨ፣ ጰ፣ ጸ የመሳሰሉት ድምፆች ደግሞ በዐረብኛ ፊደል ስለሌሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ በራሱ መላ ይጽፋቸዋል። ይህን የሚፈታ ሰው አማርኛውን፣ ዐረብኛውን፣ የአካባቢውን ንግግር፣ የግጥሙን ምት አብሮ ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው። ቁርኣን የሚያነብ ወጣት ሞልቷል፤ አልሐምዱሊላህ። አማርኛ የሚያነብም ሞልቷል። ሁለቱን አጋጥሞ የአያቱን ዐጀሚ የሚፈታው ግን እምብዛም ነው።

ጥናቱን የውጭ ሰዎች ቀድመው ጀምረውታል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥሞች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ከእኛ ወገን የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የሸኽ ጠልሃን ሕይወት ጽፈዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2001 በሆላንድ ታትሟል። እሳቸው በ2009 እ.ኤ.አ. አልፈዋል፤ አላህ ይማራቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነውና የቆቦ አንባቢ ዘንድ በቀላሉ አይደርስም። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ጎሪ የሚመራ ቡድን የአፍሪካ ቀንድን የእስልምና ጽሑፎች ሲመዘግብ ቆይቷል። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ በኮፐንሃገን የተመዘገበውን ግጥም ቆቦ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ስንት ነው?

መንዙማ ጠፍቶ አይደለም። እንዲያውም እንደ ዛሬ ተሰምቶ አያውቅም። ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ በየቤቱ ገብቷል፤ አሁን በየስልኩ አለ። ነገር ግን የሚሰማው ዜማው ነው። ድቤው ከፍ ሲል ቃሉ ይሰጥማል። ገጣሚው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ስንኝ ኋላ እንደተጨመረ፣ የትኛው ቃል እንደተለወጠ የሚጠይቅ የለም። በድሮው ሐድራ ግን ዜማውን ሲያወጣ ያመሸው ሸኽ ጧት ያንኑ ግጥም ለደረሳው በኢዕራብ ይፈታለት ነበር። እኛ ማታውን ወረስን፤ ጧቱን ግን ተውነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መንዙማውንም ቡርዳውንም በሙሉ ይጣል የሚሉ አሉ። በአንዳንድ ስንኞች ላይ የዐቂዳ ጥያቄ ማንሳታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዑለማዎች ድሮም ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ የዑለማ ነውና እዚህ አልፈታውም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚነቅፈው ሰው መጀመሪያ ያንብብ። ደረሶቻችን ሁሉ ቀጥሩ-ን-ነዳን ያነባሉ። የዚያ ኪታብ ባለቤት ኢብኑ ሂሻም (እ.ኤ.አ. በ1360 የሞተ) በነሕው ዕውቀቱ ወደር የተገኘለት አይደለም። ይህ ሰው ለባነት ሱዓድ ሸርሕ ጽፎላታል፤ ስለ ሱዓድ መልክም ስለ ግመሊቱም የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል እየፈታ። እሱ ያልናቀውን እኛ በምን ዕውቀታችን እንንቃለን? አንድን ስንኝ «ይህ ኢስቲዓራ ነው ወይስ ቀጥተኛ ንግግር?» ብሎ መለየት የማይችል ሰው ፍርዱም ቢሆን ዋጋ የለውም። ደጋፊውም እንዲሁ ነው። ሳያነቡ የሚያወድሱና ሳያነቡ የሚነቅፉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ኪታቡን አልከፈቱትም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በዙሪያዋ ሲያልፍ ሰው ነፍሱን ይዞ ሸሽቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኪታብ ሣጥን ተሸክሞ የሚሮጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም፤ ሕፃን ይቀድማል። ነገር ግን ሰላም በሆነበት ሰዓት ሣጥኑን ከፍቶ ያየ ሰው ያለ እንደሆነ አንድ ነገር ልብ እንዲል እለምነዋለሁ። በእጅ በተጻፉት የድሮ ኪታቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋል። የማያውቅ ሰው ወረቀት አባካኝነት ይመስለዋል። ቦታው የተተወው ለደረሳው ነው። ሸኹ ሲፈቱለት፣ ከዐረብኛው ቃል ሥር፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ ያገሩን ቃል በዐጀሚ እንዲያሰፍርበት ነው። አንዳንዱ ትርጉም ነው። አንዳንዱ «ይህ ወደዚያ ይመለሳል» የሚል የሰዋስው ማስታወሻ ነው። የሚጽፈው ልጅ ስሙን አይጽፍም። ከትልቁ ጥቁር ጽሕፈት በታች፣ አንዳንዴ ዘመም ብሎ፣ አንዳንዴ ቦታ ሲጠበው ወደ ዳር ወጥቶ የሚሄደው ያ ትንሽ ጽሕፈት የራያ ሰው ግጥም ሲያነብ ነው።